ቅቤ የበላው ካምቢዮ

ከዲጋ ስመለስ፣ ነቀምት ለመግባት አንድ ዳገት ሲቀረኝ ከኋላዬ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ደርቆ ቀረ። ወደ ፊት ብለው እምቢ፣ ወደ ኋላ ብለው እምቢ። ወርጄ ሳየው ከኋላ ጎማ አጠገብ የምትንጠለጠለው፣ ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የምታሻግረው ብረት ክንዷ ተጣሞ የጎማው ሽቦዎች መሐል ገብታለች። ካቴናው ከሚዞርባቸው ሁለት ትንንሽ መዘውሮቿ አንዷ ጥርሷ ረግፎ ግማሽ ሆናለች። እኔ ማርሽ መቀየሪያ እላታለሁ፤ ሠሪዎቹ ካምቢዮ ይሏታል።

መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? ግራ ቀኝ ዞሬ ሰው አይቶኝ እንደሆነ ማየት ነው። ማንም አልነበረም። ከዚያ የኋላውን ጎማ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ፣ በሌላው መሪውን ይዤ ዳገቱን በእግሬ ጀመርኩት።

ያ ብስክሌት የእኔ አልነበረም፤ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ነው። አንዲት የውጭ አገር ነርስ አገሯ ስትገባ ትታው ሄደች፤ ቀበሌው ተረከበና ለማኅበሩ ሰጠው። አምስት ማርሽ አለው፣ ኮርቻው የቆዳ ነው፣ ለቀሚስ እንዲመች ተብሎ መሐሉ ዝቅ ያለ ነው። የሚነዳው ጠፍቶ የስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወራት ቆመ። አንድ ቀን ሊቀመንበራችን፣ ወጣት አስተማሪ ናት፣ የስብሰባ ጥሪ እስከ ዲጋ ድረስ የሚያደርስ ሰው ፈለገች። እጄን አወጣሁ።

«ብስክሌት ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። ውሸቴን ነው። ነድቼ አላውቅም።

ምን ላድርግ፣ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አያርፍም። እናቴ ዓባይን አሻግራ ከጎጃም በጀርባዋ ያመጣችኝ ነኝ። ጊዳ አያና ላይ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር እያቀላቀልኩ አደግሁ። ገበያ ይሁን ለቅሶ፣ መንገድ ካለበት እኔ አለሁ። ነቀምት የገባሁት በትዳር ነው፤ ባሌ ግን አንገር ጉቲን ባለው የመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳ ስለነበር በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ቤቱ የእኔና የአማቴ ነበር። ታዲያ አንድ ሳምንት ከአዳራሹ ጀርባ እየወደቅሁ፣ እየተነሳሁ ተማርኩ። ፊደሉንም ብስክሌቱንም ያወቅሁት በዚያው ዓመት ነው፤ ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት፣ ብስክሌቱን በጉልበቴ ቆዳ።

ማርሽ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቀን አይረሳኝም። ዳገት መሐል ትንፋሼ አልቆ፣ ልወርድ ስል፣ መሪው ሥር ያለችውን ዘንግ ገፋ አደረግኋት። «ቀ-ቀ-ቀጭ» አለና ዳገቱ ቀለለ። ዳገት ሲቀልል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔው ነኝ፣ እግሩም ያው እግሬ፣ መሬቱ ግን ዝቅ ብሎ «እለፊ» ያለኝ መሰለኝ። ብቻዬን እየሳቅሁ ወጣሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ጥሪ ባይኖርም ጥሪ አለ ወይ እያልኩ አዳራሽ እመላለስ ነበር።

እና አሁን ይኸው ተሰብሮ በእጄ ላይ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ባለፈው ስብሰባ ደግሞ አንዳንዶች «ሴት እንደዚህ ያለ ዕቃ አትይዝም፤ ለቀበሌው ጥበቃ ይሰጥ» ብለው ሊቀመንበራችን «እስካልተበላሸ ድረስ እሷው ትያዘው» ብላ ነበር የዘጋችው። ቅዳሜ ካልሠራ ብስክሌቱ ከእጄ ወጣ ማለት ነው።

በቀጥታ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሱቅ ገፋሁት። ባለሱቁ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከተመ ነው፤ የብስክሌት ዕቃ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ይሸጣል፣ ራሱም ይገጥማል። ጎንበስ ብሎ በካቻቪቴው ጫፍ ነካ አደረጋት።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ሞታለች። እኔ ጋ ያመጣሻት ለቅሶ እንድደርስ ነው?»

«አትቀልድ ወንድሜ። ትድናለች ወይ?»

«ክንዷን ባቃናው መዘውሯ የለችም። መዘውር ለብቻው አይመጣም። ትጣል።» ብሎ ወደ ውስጥ ገባና አንድ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ሲፈታው፣ እናንተዬ! አዲስ ካምቢዮ፣ እንደ መስታወት ፊት የምታሳይ። በጣቱ ወደ ታች ሲስባት ስፕሪንጓ ጠቅ አድርጎ ይመልሳታል። ሰጠኝ፤ እኔም ሳብሁ፣ ለቀቅሁ፣ ሳብሁ፣ ለቀቅሁ።

«ይቺን ዛሬ ብገጥምልሽ ነገ ጊምቢ ምሳሽን በልተሽ ትመለሻለሽ» አለ እየሳቀ።

«ግጠምልኛ!»

«የማኅበር ንብረት ነው እኮ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልገኛል። አሮጌዋም ከደብዳቤው ጋር ለቀበሌ ትመለሳለች፤ በምን እንደተበላሸች ተጽፎ።»

«በምን ተበላሸች ልበል?»

«እኔ ምን አውቄ! የነዳሽው አንቺ።» ከዚያ ጣቱ ላይ የቀረውን ጥቁር ነገር አሸት አሸት አደረገና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «ምንድን ነው የምትቀቢያት? ዘይት ዘይት አይልም።»

«ዘይት ነው» አልኩ። የማውቀው እሱን ነበርና።

ቤት እንደገባሁ ለአማቴ ነገርኳቸው። አማቴ እዚያው ነቀምት ተወልደው ያረጁ ናቸው፤ እኔ «አዮ»፣ እናቴ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ስለ አዲሷ ካምቢዮ እየዘለልኩ አወራሁ፤ እንዴት እንደምታበራ፣ እንዴት ጠቅ እንደምትል። እሳቸው ሰሙኝና «አሮጌዋስ?» አሉ።

«ለቀበሌ ትመለሳለች።»

«አይሆንም። የተባረከ ነገር አይጣልም፣ ለሰው እጅም አይሰጥም። መጀመሪያ አንጥረኛው ይያት።»

ብስክሌቱን ሲባርኩት እኔም ነበርኩ። መጀመሪያ ቤት ያመጣሁት ቀን መሪውን ቅቤ ቀብተው፣ «በሰላም ውጪ፣ በሰላም ግቢ» ብለው መርቀውኝ ነበር። ጸሎት ቤት የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ ቢሆንም አዲስ ነገር ቤታቸው ሲገባ እንደ እናቶቻቸው ቅቤ ካልነካው እጃቸው አያርፍም። ያን ጊዜ ጸሎት ቤቱ ተዘግቶ በየቤቱ ይሰበሰቡ ስለነበር ቀበሌ በክፉ ዓይን ያያቸዋል። እኔ ክርክር አልገጠምኩም፤ ልቤ ግን አዲሷ ላይ ነበር። አንጥረኛው «አይሆንም» ይላቸዋል፣ እኔም ደብዳቤዬን አጽፋለሁ ብዬ ረቡዕ ጠዋት እሳቸውንም ብስክሌቱንም ይዤ ወረድኩ።

የአንጥረኛው ቤት በዲጋ መንገድ፣ ከዳገቱ ግርጌ፣ ወንዙ አጠገብ ነው። የአገሩ ማረሻና ቢላዋ ሁሉ ከእሳቸው እጅ ይወጣል፤ ሰው ግን ከእሳቸው ጋር ማዕድ አይቀርብም፣ ሽማግሌውን ሰውዬ «አንተ» ይላቸዋል። አማቴ ከሩቅ ጀምረው «አከም ቡልታኒ፣ ኦቦ!» አሉ፤ እንዴት አደሩ ጌታዬ እንደማለት ነው። አንጥረኛው ከወናፋቸው ቀና ብለው ደነገጡ። ከዚያ መቀመጫ ጠረጉልን።

ካምቢዮዋን ፈቱና በቆርቆሮ ላምባ ውስጥ ነከሯት። ጥቂት ቆይቶ ላምባው ጠቆረ። በእንጨት ሲቆሰቁሷት ከመዘውሮቿ መሐል ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ አብሲት የሚጎተት ነገር ተግበስብሶ ወጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው። የከረመ ቅቤ!

«ይህችን ብረት ቅቤ ያበላት ማነው?» አሉ አንጥረኛው።

እኔ አፌን ልከፍት ስል አማቴ በኦሮምኛ ቀስ ብለው «እኔ ነኝ» አሉ።

«አዮ! መሪውን አይደል እንዴ የቀቡት?»

«መሪውን አንዴ ነው። ይህችን ግን…» መሬት መሬት ያያሉ። «ይህች ስትሄድ ታጉረመርማለች። ሆዷ ነው ብዬ። አንቺ ከመነሳትሽ በፊት ትንሽ ትንሽ አጎርሳት ነበር። ዳገት ላይ እንድትራራልሽ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በሄድሽ ቁጥር።»

አንጥረኛው መጀመሪያ ታገሡ፣ ታገሡና አልቻሉም፤ ጉጠታቸውን ጥለው ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሳበላ የኖርኩት እሳት ነው። ቅቤ የበላ ብረት ዛሬ አየሁ!» ከዚያ አሳዩን፤ ቅቤው የመንገዱን አቧራ እየሰበሰበ ሊጥ ሆኗል፣ ሊጡ ደርቆ መዘውሯን አስሯታል፣ ያልዞረችውን መዘውር ካቴናው እንደ መጋዝ በልቷታል፣ በመጨረሻም ክንዷን ጎትቶ ሽቦው ውስጥ ከቷታል።

እኔም ሳቅሁ። አማቴ ብቻ አልሳቁም። «አሁን ደብዳቤው ላይ ምን ይጻፋል?» አሉ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሊቀመንበራችን ባለፈው ስብሰባ «የሕዝብ ንብረት የሚያበላሽ አሻጥረኛ ነው» ስትል ሁላችን አጨብጭበናል። በሌላ ቀበሌ የውኃ ቧንቧ እጀታ የሰበረ ሰው ሁለት ቀን ታስሮ ወጥቷል። «አማቴ ቅቤ ቀብተው» ብዬ ባስጽፍ፣ በዚያ በጸሎቱ ስማቸው ቀድሞ የተያዘ ሴት… «ድንጋይ መታው» ብል ደግሞ አሮጌዋ ካምቢዮ አብራ ትሄዳለች፤ ቅቤው በየስንጥቁ አለ፣ ቀበሌ አፍንጫ የሌለው ሰው የለም። ባለሱቁም አሽትቷል።

አንጥረኛው አላባበሉኝም። «ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ አዲስ ካለ አዲሱ ይሻላል። ክንዷን አቃናለሁ። መዘውሯን ግን ሠርቼ አላውቅም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ቅዳሜ ባዶ እጅሽን ብትቀሪ እንዳታዝኚብኝ።»

አዲሷ ዓይኔ ላይ መጣች። ጠቅ ስትል ሰማኋት። በአንድ ደብዳቤ ብስክሌቴ እጄ ላይ ይቀራል፤ አማቴ ግን ወረቀት ላይ ይወጣሉ። አማቴን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የላምባውን ቆርቆሮ ያያሉ።

«ይሥሯት» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ቀን እንደ ሠርግ ቤት ነበር። መጀመሪያ ስፕሪንጓን ለይተው አወጡ። «ይህን እሳት ከነካው ነፍሱ ትወጣለች» ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። ክንዷን ፍም ውስጥ ከተቱ። ወናፉን የሚነፋላቸው አጥተው ዞር ሲሉ አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቁጭ አሉበት!

«ይተዉት እንጂ፣ ሰው ያይዎታል» አሉ አንጥረኛው።

«ይይ! ያበላሸሁት እኔ፣ የምነፋውም እኔ» አሉ አማቴ። ነፉት! እሳቱ ሲያጓራ፣ ክንዷ እንደ በሰለ በርበሬ ስትቀላ፣ መቀጥቀጫ መስፉ ላይ በትንሿ መዶሻ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጓት፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ቀና አለች። ውኃ አልነከሯትም፤ አመድ ውስጥ ቀስ ብላ እንድትበርድ ቀበሯት።

መዘውሯን ከምን እንደሚሠሩ ሲያስቡ ግድግዳውን ያያሉ። ብረት ካቴናውን ይበላዋል፣ እንጨት አይችልም። ከዚያ ለቢላዋ እጀታ ካስቀመጡት አንድ የበሬ ቀንድ አነሱ። ውኃ ውስጥ ቀቅለው አለሰለሱት፣ ቆርጠው በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ መሐል ተጫኑት፣ ክብ አወጡለት፣ በጋለ ወስፌ መሐሉን ቀደዱት። የተረፈችውን ጤነኛ መዘውር ጎን አስቀምጠው ጥርሷን በሞረድ እያስተያዩ ሠሩ። ሊጨርሱ አንድ ጥርስ ሲቀር ተሰነጠቀች። ሌላ ቀንድ አነሡ። ሐሙስ ከሰዓት ሁለተኛዋ ወጣች፤ ቡናማ፣ ጫፏ ነጭ፣ ስትዞር ድምፅ የላትም።

ዓርብ ጠዋት ገጠምናት። ፔዳሉን በእጄ ሳሽከረክር ካቴናው ከትንሹ ጥርስ ወርዶ ተንጠለጠለ። መለስነው፤ አሁን ደግሞ በትልቁ በኩል ዘልሎ ሽቦው ጋ ሊገባ ሆነ። አንጥረኛው ጭንቅላታቸውን ያዙ፤ ብረት እንጂ ማርሽ አያውቁም። እኔ መሬት ላይ በደረቴ ተኛሁና አተኩሬ ማየት ጀመርኩ። ክንዷ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ለምን እንዳሉ ማንም የነገረኝ የለም። አንዱን በካቻቪቴ ትንሽ ዞር፤ ክንዷ ወደ ሽቦው የምትሄድበት ርቀት አጠረ! ሌላውን ዞር፤ ወደ ውጭ የምትሄድበት አጠረ! እነዚህ ለካ አጥር ናቸው፤ «ከዚህ አትለፊ» የሚሏት። ጮኼ ተነሳሁ። ቀሚሴ አፈር በአፈር። ወንዱም ሴቱም የሚፈራውን ነገር ሆዱን አይቼ አወቅሁት። ባለሱቁ አዲሷን ቢገጥምልኝ ኖሮ ይህን መቼ አውቀው ነበር?

«ዳገቱን ልሞክረው» አልኩ።

«እኔን ጫኚኝ» አሉ አማቴ።

«አዮ፣ እባክዎ! ከወደቅን…»

«እኔን ከቻለ ደብዳቤ አያቅተውም።» ብለው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ በጎን ተቀመጡ፤ ወገቤንም ያዙ። አንጥረኛው ከኋላ ገፋ አድርገው ለቀቁን።

ሜዳውን ሄድን። ዳገቱ ጀመረ። እግሬ ከበደ፣ ከበደ፣ ብስክሌቱ መንገዳገድ ጀመረ። አማቴ ጆሮዬ ሥር በኦሮምኛ ይጸልያሉ። ዘንጓን ገፋሁ። አንዲት አፍታ ምንም የለም። ከዚያ «ቀጭ» አለ፣ ለስላሳ፣ ካቴናው ትልቁን ጥርስ ወጣ። ቀለለ! ሁለት ሰው ተጭኖ ዳገቱ ቀለለ!

«ኢሾ!» አሉ አማቴ፤ ጎሽ እንደማለት ነው። «ኢሾ! ኢሾ!»

ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ጠርዝ ላይ ቆመው አዩን። አንዷ በኦሮምኛ ጮኸች፦ «አዮ! በቅሎዎት ጆሮዋ የት ወደቀ?»

«ጆሮ የላት፣ ቀንድ ግን አላት!» አሉ አማቴ ከላይ ሆነው። ሴቶቹ ነገሩ ባይገባቸውም እልልታውን አቀለጡት፤ እኔ በሳቅ መሪው ሊያመልጠኝ ነበር።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ሊቀመንበራችን ፋይሏን በብብቷ ይዛ ቆማለች። ሳቄ ደረቀ። አቆምኩ። አማቴ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እኔ ሁለት ቀን ስደብቅ የዋልኩትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፉት።

«የኔ ልጅ፣ ማርሹን ቅቤ ያበላሁት እኔ ነኝ። በሄደች ቁጥር። ታሞ ተሰበረ። አንጥረኛው በቀንድ ሠራው፣ እኔ ወናፍ ነፋሁ። ይቺ ልጅ ጥፋት የላትም። የምትጽፊ ከሆነ የእኔን ጻፊ።»

«አዮ!» አልኩ። ምን ዋጋ አለው።

ሊቀመንበራችን አማቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀሚሴን አየች። ከዚያ ተቀመጠች፤ እንደ ሹም ሳይሆን ቁጢጥ ብላ፣ ፋይሏን መሬት አስቀምጣ። የቀንዷን መዘውር በጣቷ ነካች።

«አሽከርክሪው» አለችኝ።

የኋላ ጎማውን አነሳሁ። አማቴ ፔዳሉን በእጃቸው አዞሩ፣ እኔ ዘንጓን ገፋሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ተመለሰ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። አንዴም አልወደቀም። ሊቀመንበራችን ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ሰማች።

«ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

ተነሳችና ፋይሏን ከፈተች። እስክሪብቶ ልታወጣ ነው አልኩ በልቤ። ያወጣችው ግን አንድ የታሸገ ፖስታ ነበር።

«የመጣሁት አንቺን ፍለጋ ነው፤ ይህ ዛሬ ዲጋ መድረስ አለበት። ነገ ስብሰባ ላይ ብስክሌቱን ለጥበቃ የሚል ካለ አንቺ ራስሽ ብሎኖቹን አሳዪው።» ወደ አማቴ ዞረች። «አዮ፣ ከእንግዲህ ቅቤውን ለእኛ ራስ፣ ለእሱ ዘይት።»

ዞር ስል አማቴ ዕቃ መጫኛው ላይ ተመልሰው ሊወጡ አንድ እግራቸውን አንስተዋል።

«ደብዳቤው ብቻ ነው የሚሄደው!» አለች ሊቀመንበራችን፤ ክንዳቸውን ይዛ እየሳቀች አወረደቻቸው።

ፖስታውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ቀሚሴን ሸብ አደረግሁና ቁልቁል ለቀቅሁት። አንጥረኛው ደጃቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ በጩኸት አለፍኳቸው። ወንዙን ተሻገርኩ፣ ሜዳው መጣ፣ ዘንጓን ወደ ትንሹ ጥርስ ሳብኳት። ሄደችልኝ።